7 ዶላር ከ25

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች። አስተባባሪዎቹ ለሌበር ዴይ፣ ለአሜሪካ የሠራተኞች ቀን፣ ትንሽ ተናገር ብለው አሥር ደቂቃ ሰጡኝ። ሦስት ነገር ጽፌ ነበር። አንዱ ላይ፣ ዝቅተኛው ደሞዝ ላይ፣ ብዙ እንደምቆይ ስለማውቅ ከወዲሁ ይቅርታ።

በ2024 ምርጫ ሰሞን እቁባችን ሊፈርስ ነበር። ስንት ዓመት አንድ ጋራዥ የሠሩ ሁለት ሰዎች በትራምፕና በካማላ ተጣልተው ሰላምታ አቆሙ። አንደኛው «እሱ ባለበት ዕጣ አልገባም» አለ። ሁለቱም እዚህ አሉ፤ ስም አልጠራም። ዞራችሁ አትዩ!

ያኔ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ዋሽንግተን ዲሲ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ፤ ከመሬት በታች ሦስተኛው ፎቅ፣ የሌሊት ሺፍት። ማሞቂያዋ እግር ታሞቃለች፣ እጅ ግን አታውቅም። አንድ ሌሊት ሂሳብ ስዘጋ 40 ዶላር ጎደለ። ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ማኔጀሬ ደግ ሰው ነበር። ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። መኪናው ላይ የኦባማ ስቲከር ለጥፏል። 40ዋን ግን ሳይነግረኝ ከቼኬ ላይ ቆረጣት። ስጠይቀው «ፖሊሲ ነው» አለኝ።

እዚያው ሕንጻ ላይ ቢሮ ያለው አንድ ሽማግሌ ነበር። የኦባማ ስም ሲነሳ ፊቱ ይቀላል። በገና ዋዜማ መቶ ዶላር በፖስታ ሰጠኝ። በላኋት፣ እግዜር ይስጠው። ጉርሻ ግን ደሞዝ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የሰው ስቲከር አላይም፣ ቼክ ነው የማየው።

የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም የሆነው በሐምሌ 2009 ነው። ዛሬም ያው ነው። በ2025 ዲሲ 17.95፣ ቨርጂኒያ 12.41 ስለነበር እኛን አይነካም የምትሉ፣ ዳላስና አትላንታ ያሉ ዘመዶቻችሁ ጋ ደውሉ። በእነዚህ ዓመታት ኦባማ፣ ትራምፕ፣ ባይደን፣ ደግሞ ትራምፕ መጡ። ሁለቱም ፓርቲዎች በየተራቸው ዋይት ሀውስንም ኮንግረስንም ባንድ ላይ የያዙበት ጊዜ ነበር። በመጋቢት 2021 ዝቅተኛው ደሞዝ 15 ዶላር ይግባ ሲባል ሴኔት ውስጥ 42 ለ58 ወደቀ። ሪፐብሊካኖቹ በሙሉ ተቃወሙ፣ አዎ። ከዴሞክራቶቹ ወገንስ? ስምንት! ስምንቱ እንቢ ባይሉ ድምፁ እኩል ይመጣ ነበር።

ሕዝቡ ግን ከእነሱ ይሻላል። በ2020 ፍሎሪዳ ትራምፕን መረጠች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት፣ ከመቶ ስድሳ በላይ መራጭ 15 ዶላርን አጸደቀ። ሚዙሪ በ2024 እንዲሁ አደረገች። እኛ እቁብ ልናፈርስ ነበር!

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የዲሲ ካውንስል፣ የከተማችን ምክር ቤት፣ ውስጥ ሪፐብሊካን ለመድኃኒት ቢፈለግ የለም። በ2018 በቲፕ፣ ማለት በጉርሻ፣ የሚሠሩ ሰዎች ሙሉውን ዝቅተኛ ደሞዝ ከአሠሪው ያግኙ ብሎ ሕዝቡ በሰኔ ወሰነ፤ ካውንስሉ በጥቅምት ሻረው። በ2022 ከአራቱ መራጭ ሦስቱ ገደማ እንደገና አዎ አሉ። በ2025 ካውንስሉ የእነሱን ደሞዝ 10 ዶላር ላይ አቆመውና ጭማሪውን እስከ 2034 ጎተተው። ይህን ማን አደረገብን እንበል? ትራምፕ?

ሬስቶራንት ያላችሁ እያያችሁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ኪራዩ፣ የሥጋው ዋጋ፣ ዕዳው፣ ውሸት አይደለም። ግን አስተናጋጇም ኪራይ አለባት፣ እሷም ሥጋ ትገዛለች።

ሁለተኛው ነጥቤ ዕድገት ነበር። ኢኮኖሚው አድጓል ይሉናል። አድጓል። ጋራዥ ውስጥ የሚቆሙት መኪኖች ሲያድጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው፣ የቲፕ ታክስ ቀረ ስለሚባለው። በ2024 ሁለቱም ዕጩዎች ቃል ገቡ፣ በ2025 ሕግ ሆነ። ግን የሶሻል ሴኩሪቲው፣ የጡረታ መዋጮው፣ ቅነሳ አልቀረም፣ ጊዜውም እስከ 2028 ነው። ታክስ ሠሪያችሁን ጠይቁ፣ እኔን አይደለም።

የመጨረሻ ማስታወቂያ። እሑድ የቼካችሁን ቁራጭ ይዛችሁ ኑ፤ ከ40 ሰዓት በላይ የሠራችሁት ኦቨርታይም መከፈሉን አብረን እናያለን። ሂሳብ ጎደለ ተብሎ የተቆረጠበት ካለ አፍሮ አይደብቀው፣ እኔም ተቆርጦብኛል። እናንተ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። ጎን ለጎን ነው የማስቀምጣችሁ፤ የእቁቡን ዕጣ የማወጣው ያው እኔ ነኝ።