ምላስ የሚያኮማትረው መድኃኒት

እሷ፦ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እዚህ ጎንደር፣ ከቅዳሜ ገበያ እንደተመለስኩ ነው የምንቀዳው። በእጄ የያዝኩትን አየኸው?

እሱ፦ የሮማን ልጣጭ! ፍሬውስ?

እሷ፦ ፍሬውን እየመጣሁ በላሁት። አንተ ልጣጩን ትንሽ ቆርሰህ እስቲ አኝከው። እንዳትውጠው።

እሱ፦ ኧረ! ምላሴ ኩምትር አለ። ምራቄም ደረቀ።

እሷ፦ እሱ ነው ታኒን ማለት፤ ልጣጩ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። ምራቃችን ውስጥ አፍን የሚያለሰልስ ፕሮቲን አለ። ታኒኑ እሱን ይይዝና ያረጋዋል። ልስላሴው ሲሄድ አፍህ ይሻክራል። ያልበሰለ ሙዝ ስትበላ፣ ብዙ የፈላ ሻይ ስትጠጣም ያው ነው።

እሱ፦ ቆዳ በግራር ልጣጭ የሚለፋውም ለዚህ ነው?

እሷ፦ አዎ! ታኒኑ ኮላጅን ከሚባለው የቆዳው ፕሮቲን ጋር ተሳስሮ እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ድድ ሲደማ በልጣጭ ውሃ የሚጉመጠመጡ ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚጠቀሙበት። የቁስሉን ላይ ሰብሰብ አድርጎ ያጠብቀዋል፤ የሚያዠውም ይቀንሳል።

እሱ፦ አያቴ ተቅማጥ ሲይዘን የዘይቱን፣ የጓቫ ማለቴ ነው፣ ቅጠል ታፈላልን ነበር። ውሃው እንደ ጠላ ጠቆር ሲል ታወርደውና በስኒ ትሰጠናለች። ይመራል፤ ግን ሆዳችንን ያዝ ያደርግልን ነበር።

እሷ፦ አያትህ አልተሳሳቱም። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው ስለሚጨርስ ነው። ቅጠሉ ያንን አይተካም። በተለይ ሕፃን ከሆነ ቅጠል እስኪፈላ አይጠበቅም። ኦአርኤሱን፣ ያንን የስኳርና የጨው ዱቄት፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የንጹህ ውሃ መጠን በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው። ዚንክ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጠዋል። ደም ከቀላቀለ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ በቀጥታ ጤና ጣቢያ!

እሱ፦ ሻይስ? እኛ እንጀራ በልተን እጃችንን እንደታጠብን ነው የምንጠጣው።

እሷ፦ እሱን ቆየት አድርጉት። ታኒን ብረትንም ይይዛል። ጤፉና ሽሮው ውስጥ ካለው ብረት ብዙው ሰውነት ሳይገባ ይወጣል። ቡናም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ደም ማነስ ያለበትም ሰው፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ጥሩ ነው።

እሱ፦ እንዴ! እናቴ የብረት ክኒኗን በሻይ ነው የምትውጠው።

እሷ፦ በውሃ ትዋጠው በላት። ብርቱካን ብታስከትልበት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማታል።

እሱ፦ ቆይ፣ አሁኑኑ ልደውልላት።