128 ፈረስና አንድ ፈረሰኛ

ብሩክ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ብሩክ ነኝ፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ሰላማዊት እንደተለመደው ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ዛሬ ከጋራዥ በቀጥታ ስለመጣች እጇን እንኳን አልሰጠችኝም።

ሰላማዊት፦ ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነው የመጣሁት። የፍሬን ሸራ ብናኝ እንደ በርበሬ ነው፤ ጥፍር ሥር ከገባ በሳሙና አይወጣም። ያልጨበጥኩህ ነጭ ሸሚዝ ስለለበስክ ነው።

ብሩክ፦ እናመሰግናለን። ዛሬ ስንሸሸው የቆየነውን ጉዳይ እናነሳለን፤ የእኔን የ1994 ማዝዳ ሚያታና የሰላማዊትን ቶዮታ ጂአር 86። ሁለቱም ባለ ሁለት በር ናቸው፤ ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው፤ የሁለቱም ካምቢዮ ማንዋል ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምንጠራ አስቀድሜ ልናገር።

ሰላማዊት፦ ቁጥሩን እንናገርና እንገላገል። የእሱ 1.8 ሊትር ሞተር ነው፤ 128 የፈረስ ጉልበት። የእኔ 2.4 ሊትር፣ 228። ልክ መቶ ፈረስ እበልጠዋለሁ።

ብሩክ፦ ክብደቱንስ ለምን ዘለልሽው? የእኔዋ 1,040 ኪሎ ግራም አካባቢ ናት፤ ያንቺ 1,275 ገደማ። ሦስት ጎልማሳ ሰዎች ጭነሽ ነው የምትከተዪኝ።

ሰላማዊት፦ አካፍለው እንጂ። ለአንድ ቶን አንተ 123 ፈረስ ገደማ ይደርስሃል፤ እኔ 179 ገደማ። ሦስቱን ሰዎች ጭኜም እቀድምሃለሁ።

ብሩክ፦ በቀጥታ መንገድማ ማን የማይቀድመኝ አለ! ባለፈው ሰሞን ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ መብራት ይዞኝ፣ አንድ ካምሪ የያዙ ጋሼ ከጎኔ ቆሙ። ባለ አራት ሲሊንደር ተራ ካምሪ ናት፤ ግን 203 የፈረስ ጉልበት አላት። አረንጓዴው ሲበራ ጥለውኝ ሄዱ። የሚያሳዝነው እሳቸው እየተሽቀዳደሙ አልነበረም። ከኋላ ወንበር ደንበኛ ጭነዋል፤ በአንድ እጃቸው ስልክ ያስተካክላሉ።

ሰላማዊት፦ ታዲያ ለምን ገዛሃት?

ብሩክ፦ እናቴም ይህንኑ ነው የምትጠይቀኝ፤ እሷ ግን ቀጥላ "የኋላ ወንበሩን ማን ወሰደው?" ትላለች። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያታ በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ስትቀርብ ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። እንግሊዞች በ1960ዎቹ እንዲህ ያሉ ቀላልና ክፍት ባለ ሁለት መቀመጫ መኪኖች ሞልተዋቸው ነበር። ከዚያ እየተመናመኑ ጠፉ። ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ በ1979 ለማዝዳው ኬኒቺ ያማሞቶ "ይህን ዓይነት መኪና መልሳችሁ ሥሩ" አላቸው። አሥር ዓመት ፈጀ። መሐንዲሶቹ የያዙት መመሪያ "ጂንባ ኢታይ" ይባላል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ጉግስ እያየ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጥሩ ፈረስ ልጓሙ እስኪጎተት አይጠብቅም፤ የጌታውን ጭን ሰምቶ ይዞራል። የእኔ መሪም እንደዚያ ነው። ስለ ኩርባው ሳስብ ፊቷ ዞሯል።

ሰላማዊት፦ እንግዲያው የፈረስ ስምም ይገባሃል። ምኒልክ በፈረሳቸው አባ ዳኘው ተባሉ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። አንተን "አባ ቆይ" ብለንሃል።

ብሩክ፦ ተቀብያለሁ። አባ ቆይ የሚነዳት መኪና ግን በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች። በዓለም ላይ ከእሷ በላይ የተሸጠ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና የለም። ያንቺም ታሪክ አላት፤ ንገሪያቸው።

ሰላማዊት፦ የእኔዋ አያት ኮሮላ ናት ብል የሚስቅ ሰው አለ። አዲስ አበባ ኮሮላ ሲባል ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣው ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ነው። ነገር ግን ከ1983 እስከ 1987 የኋላ ጎማዋ የሚነዳት፣ ቀላል የኮሮላ ዝርያ ነበረች፤ የፋብሪካ መለያዋ ኤኢ86። የጃፓን ወጣቶች በተራራ መንገድ ላይ ጎኗን እያንሸራተቱ ስም አወጡላት። የአሁኗ 86 ቁጥሯን የወረሰችው ከዚያ ነው። የምትሠራው ግን በሱባሩ ፋብሪካ፣ ጉንማ ውስጥ ነው፤ ሞተሯም ፒስተኖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተኙበት የሱባሩ ሞተር ነው። ስለተኛ ከወለሉ ቅርብ ነው፤ መኪናዋም በኩርባ ላይ ብዙም አታዘነብልም።

ብሩክ፦ የጎማውን ታሪክ አትርሺ።

ሰላማዊት፦ እሱን ልመጣበት ነበር! በ2012 የመጀመሪያዋ 86 ስትወጣ ከፋብሪካ የተገጠመላት ጎማ 215 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በነዳጅ ቆጣቢዋ ፕሪየስ ላይም የሚገጠም ዓይነት ነበር። አዎ፣ ፕሪየስ። ሰው "ቆጠቡ" ብሎ ተሳለቀ። ዋና መሐንዲሱ ቴትሱያ ታዳ ግን ሆን ብሎ ነው ያደረገው። ጎማው መንገዱን ቶሎ ሲለቅ አሽከርካሪው በዝቅተኛ ፍጥነት የመኪናውን ጠባይ ይማራል። እኔ ይህን ስሰማ የተሰማኝ ክብር ነው። ከዚያ የራሴን የፋብሪካ ጎማ አውልቄ ጣልኩት።

ብሩክ፦ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ዓመታት ለፍተው ሞላውን ንጠቱን ከሚያበርደው አሞርዛተር፣ አሞርዛተሩን ከጎማው፣ ጎማውን ከመሪው አስማሙ። አንቺ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ታፈርሺዋለሽ።

ሰላማዊት፦ ያስማሙት ለማንም ነው። ለሰባ ዓመት ሽማግሌም፣ በረዶ ላይ ለሚነዳም፣ ጎማ በአራት ዓመት አንዴ ለሚቀይርም። እኔ ማንም አይደለሁም። ክረምቱን በሌላ መኪና ነው የምሄደው፤ በዓመት አራት ጊዜ ሰሚት ፖይንት ውድድር ሜዳ እገባለሁ። ያልነካኋት መኪና የተዋስኳት ነው የምትመስለኝ። ደግሞ አንተ ስለ መንካት ትናገራለህ? ሞላዎቹን ለአድማጮች ንገራቸው።

ብሩክ፦ (ረጅም ዝምታ) ይህ እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

ሰላማዊት፦ እየጠበቁ ነው።

ብሩክ፦ እሺ። በገዛኋት ዓመት መኪናዋ ከፍ ያለች መሰለችኝ። በጎማውና በመከለያው መካከል እጄ ይገባል። ከኢንተርኔት አጫጭር ሞላ ገዛሁ፤ ርካሽ ነው፤ የማን ሥሪት እንደሆነ አልናገርም። አሮጌዎቹን አሞርዛተሮች እንዳሉ ትቼ ሞላውን ብቻ ቀየርኩ። ቆማ ስትታይ እንዴት ታምር ነበር! ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። ስነዳት ግን... ሞላው ካጠረ አሞርዛተሩ የሚሄድበት መንገድ ያልቃል። ዘንጉ ላይ ወደ መጨረሻው ያለች ላስቲክ አለች፤ መኪናው እሷ ላይ ይቀመጣል። በኩርባ መካከል ትንሽ ጉድጓድ ካገኘሽ ሞላ የለሽም ማለት ነው፤ ጎማው በድንገት ይለቃል። ያች ሳስብ የምትዞረው ፈረስ በቅሎ ሆነች።

ሰላማዊት፦ በቅሎ እንኳን እግሯን ታያለች።

ብሩክ፦ ዋናዎቹን ሞላዎች ደግሞ አንቺ ጋራዥ ነበር የቀየርነው። "ለቁራሌው ስጪው" ብዬሽ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዋና ሞላ፣ ያውም ያልዛገ፣ አሁን ማግኘት ቀላል አይደለም። አንድ ዓመት እየፈለግሁ ነው።

ሰላማዊት፦ እንመለስበታለን። የሚጠይቁን ወጣቶች ሁሉ ግን የሚጀምሩት ከሞተሩ ነው። "ስንት ፈረስ ልጨምር?" ይላሉ። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው የፍሬን ዘይታቸውን መቼ እንደቀየሩ ነው።

ብሩክ፦ ይህንንስ በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። ሰሚት ፖይንት የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፤ ጠንካራ ፍሬን የሚጠይቅ። አራተኛው ዙር ላይ ፔዳሉን ስረግጥ እግሬ ወለል ነካ።

ሰላማዊት፦ ምን እንደሆነ ልንገራቸው። የአንተ መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየሄደች ሙሉ በሙሉ ብትቆም፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሦስት ትልልቅ ጀበና፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ። ያን ደግሞ በየዙሩ ትደግመዋለህ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። አንተ ፍሬን የረገጥክ መስሎህ አረፋ ነው የምትጨምቀው።

ብሩክ፦ ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝ፤ የቀረውን ሣሩ ጨረሰልኝ። መኪናዋም እኔም ደህና ነን። ዘይቱ ከሻጩ ጋር የመጣ ነበር፤ ቀለሙ ጠጅ ይመስል ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ።

ሰላማዊት፦ ስለዚህ ቅደም ተከተሌ የማይቀየር ነው። ጎማ፣ የፍሬን ዘይትና ሸራ፣ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል። በጎማው ጎን ላይ የምትጻፍ የማለቅ መጠን ቁጥር አለች፤ የቤተሰብ መኪና ጎማ ላይ 500ም 600ም ታያለህ። የእኔ 200 ይላል። ለስላሳ ነው፤ ይይዛል፤ ቶሎም ያልቃል። ለጎማ እንዳወጣሁት ገንዘብ የካሰኝ ሌላ ምንም ነገር የለም። ከዚያ አሞርዛተርና ሞላ፣ ሁለቱም አንድ ላይ፣ ብሩክ። ሞተሩን አልነካሁትም። ማርሚታ እንኳን አልቀየርኩም።

ብሩክ፦ ማርሚታ የሚቀይር ሰው የሚገዛው ድምፅ ነው። ድምፅ መፈለግም ነውር አይደለም፤ "ፈረስ ጨመረልኝ" ማለቱ ነው ነውሩ።

ሰላማዊት፦ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲደውል ስለ ፈረስ ያለኝን ሐሳብ አስለወጠኝ። "228 ፈረስ ምን ያደርግልሻል፣ እዚህ ብታመጫት ሩቡ ይጠፋል" አለኝ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይቀነሳል። የእኔዋ ወደ 173 ትወርዳለች፤ ያንተ ከመቶ በታች።

ብሩክ፦ አባ ቆይ እንጦጦን እንዴት ይወጣል!

ሰላማዊት፦ ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ራሱ ስለሚያምቅ የጎደለውን በአብዛኛው ይመልሳል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ተርቦ ቅንጦት አይደለም ማለት ነው።

ብሩክ፦ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ወንድምሽ ያለውን ቢንከባከብ ይሻለዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው ግድ አይሰጠውም። ይህን ስል ልቤ እያዘነ ነው።

ሰላማዊት፦ እኔስ አላዘንኩም። ሌላ ቀን እንጣላበት።

ብሩክ፦ አንድ ነገር ግን ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው መናገር አለብኝ። እዚህ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው በላይ 20 ማይል መጨመር፣ የትራፊክ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ሥራቸው የወንጀል መዝገብ የሚያይባቸው ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ዘገምተኛ መኪና የምወደው ለዚህም ነው። ስካይላይን ድራይቭ ላይ፣ በተፈቀደው 35 ማይል፣ ጣሪያዬን ከፍቼ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ እያቀያየርኩ የምደሰተውን ያህል አንቺ ለመደሰት ሕግ መጣስ አለብሽ።

ሰላማዊት፦ ይህቺ እውነት ናት። እዚያ መንገድ ላይ የእኔ መኪና ተኝታ ነው የምትሄደው። ለዚያ ነው ሜዳ የምከፍለው። ሜዳ የምትገቡ ሰዎች ግን የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ፤ አብዛኛው መደበኛ ኢንሹራንስ እዚያ የደረሰ ጉዳት አይከፍልም። እኔ ለዕለቱ ብቻ ሌላ እገዛለሁ።

ብሩክ፦ ታዲያ የትኛዋ ትሻላለች? ሰዓታችን እያለቀ ነው።

ሰላማዊት፦ በሰዓት መያዣ የእኔዋ። እውነቱን ልናገር? ዋና ሞላዎቿ ላይ ሳለች ያንተን የነዳሁ ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት ተናድጄ ነው። መሪዋ እንደዚያ የሚያወራ መኪና ነድቼ አላውቅም ነበር።

ብሩክ፦ ይህን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

ሰላማዊት፦ ስላበላሸሃት ምን ዋጋ አለው ብዬ ነው። ለዚያም ነው ለቁራሌው ያልሰጠሁት።

ብሩክ፦ ምኑን?

ሰላማዊት፦ ሞላዎቹን። አራቱም ጋራዤ ውስጥ፣ ከክረምት ጎማዎቼ ጀርባ ናቸው። ዘይት ቀብቼ በጋዜጣ ጠቅልያቸዋለሁ።

ብሩክ፦ አንድ ዓመት ሙሉ ስፈልግ...

ሰላማዊት፦ ሰባት ማስታወቂያ ልከህልኛል፤ "ይህ ዛገ፣ ያ ውድ ነው" እያልኩ መለስኩልህ። አሁን አሞርዛተሩን አዲስ ግዛ፤ ጥሩውን። ሞላውን እኔ በነፃ እሰጥሃለሁ። አሮጌ አሞርዛተር ይዘህ ከመጣህ ግን በሩን አልከፍትም።

ብሩክ፦ ቅዳሜ ስንት ሰዓት?

ሰላማዊት፦ ሦስት ሰዓት። ነጭ ሸሚዝ እንዳትለብስ።