አልተከራከሩኝም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ለዛሬ ሌላ ርዕስ ይዤ ነበር። ግን ያቺ ሞተር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። አንድ አዛውንት ጋሼ የሚሸጧት፣ እኔ ልገዛት ያሰብኳት ኤፍጄአር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ አየኋት።

ያማሃ ኤፍጄአር 1300፣ እ.ኤ.አ. የ2013 ሥሪት። ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ካቴና የሌላት፣ በሻፍት፣ ማለትም በሚሽከረከር ዘንግ የምትሄድ። 34 ሺህ ማይል ነድተዋታል። ለእሷ ይሄ ብዙ አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ዝቅተኛ ማይል ይዛ ለዓመታት የቆመች ሞተር ናት። ጎሚኒው ይደርቃል፣ ቤንዚኑ ይበላሻል። የጋሼ ግን ስትሠራ የኖረች ናት።

እንደደረስኩ ሞተሩን በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ደስ አለኝ። አንዳንዱ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ነው የሚጠብቅህ፣ ለመነሳት የምታስቸግር መሆኗን እንዳታውቅ። የእሳቸው ወዲያው ተነሳች። የፊት አሞርዛተሩ ዘይት አያፈስም። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ግን ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች 2317 ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ማለት ነው። በዚያ ጎማ ስካይላይን ድራይቭን፣ የቨርጂኒያን የተራራ መንገድ፣ በዝናብ አልወጣም። ሁለቱም ይቀየራሉ። ቀጥሎ ቫልቩ፣ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው፣ ጭሱን የሚያስወጣው በር። በ26,600 ማይል መታየት አለበት። ጋሼ የዘይቱን፣ የፍሬን ሸራውን፣ የሁሉንም ደረሰኝ በፋይል ይዘዋል። የቫልቩ ብቻ የለም። "አሠርቼዋለሁ መሰለኝ" አሉ።

"ታዲያ ስንት ይላሉ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ አንተ ታውቃታለህ። አንተው ፍረድ።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እሷን የመሰሉ ሞተሮች 6,500፣ 7,000 ዶላር ተብለው ሲለጠፉ አይቻለሁ። ግን የተለጠፈ ዋጋ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። ጎማውን ቀነስኩ፣ ቫልቩን ቀነስኩ። ያስጨመሩት የኋላ ሻንጣና ያሠሩት መቀመጫ ገበያ ላይ ገንዘባቸውን አይመልሱም። "5,400" አልኩ።

"ይሁን" አሉ።

በቃ። "ኧረ ትንሽ ጨምር" የለም። "ስንት ያወጣሁባት መሰለህ" የለም። ቡና ቀረበ፣ ስለ ልጆቻቸው ማውራት ጀመሩ።

ቁጥሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ማታ እንደገና አሰላሁት፣ ያው ነው። ግን እሳቸው 7 ቢሉ፣ እኔ 5 ብል፣ ተከራክረን 6 ላይ ብንገናኝ እንቅልፌን እተኛ ነበር። የበለጠ ከፍዬ ማለት ነው! ክርክሩ ነው ዋጋውን የሚያጸናው። ያለ ክርክር ቁጥሩ እኔ ላይ ብቻ ቀረ።

አዲስ አበባ ቢሆን ደላላ በመካከል ይገባ ነበር። ደላላን ስናማ ነው የኖርነው፣ ግን ይሉኝታውን የሚሸከመው እሱ ነው። አንተ ዝም ትላለህ፣ እሱ "ጋሼ፣ ጎማው እኮ አርጅቷል" ይላል። ደግሞ እዚያ አሮጌ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ያየ ሰው፣ እዚህ ንብረቱ በየዓመቱ እየረከሰ መሄዱን እንዴት ይቀበለዋል? ጋሼ ይህቺን ሞተር ሲገዙ ወደ 16 ሺህ ዶላር ነበረች። የአሁኑን ገበያ ያውቁታል? ሳያውቁ ይሁን ካሉ... ወይስ አውቀው፣ ለእኔ ብለው ነው?

ደግሞ የሚሸጧት ጠልተዋት አይደለም። ጉልበታቸው ነው። ነዳጅ ሞልታ ወደ 290 ኪሎ ትመዝናለች፤ ቆማ ስታጋድል መደገፍ ይጠይቃል። "አሁንስ አልቻልኳትም" ሲሉ እጃቸው መሪው ላይ ነበር። ይሄን ከየትኛው ሂሳብ ላይ ልደምረው? ሐዘኔታ ዋጋ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰውየውን መናቅ ይሆናል። እሳቸው ምጽዋት አልጠየቁኝም። ፍርድ ነው የጠየቁኝ።

ባለቤቴ "600 ጨምርላቸውና እረፍ" አለች። በምን ምክንያት ብዬ ልጨምር? "ይቅርታ፣ ቁጥሬ ልክ አልነበረም" ልበላቸው? ልክ ነው እኮ!

የቫልቩን ደረሰኝ ካገኙት ግን ሌላ ነው፣ ያኔ የቀነስኩትን በአግባቡ እመልሳለሁ። መካኒካቸው ጋ ደውለው እንዲጠይቁ ልነግራቸው አስቤያለሁ። ብቻ... ደረሰኙ ባይገኝስ? ቅዳሜ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። እስካሁን አልደወልኩም። እስቲ እናንተ...