ጥር ላይ የሚሰፈር ደመወዝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ መንደራችን የሕፃናት ትምህርት ቤት ላወራችሁ ነው። "እኛም አካባቢ እንዲህ ዓይነት ነገር ብንጀምር ከየት እንነሳ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ከመምህርቷ ደመወዝ ተነሱ። ቤቱ ይደርሳል።

እኛ ጎጃም ውስጥ ቤት ማቆም አያቅተንም። ደቦ ይጠራል፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል፣ ሌላው ጭቃ ያቦካል፣ ሴቶቹ እንጀራና ጠላ ይዘው ይመጣሉ፣ ግድግዳው ይቆማል። የእኛም እንደዚያ ነው የተሠራው። ቆርቆሮውን ዕድሩ ገዛ፣ ቦታውን ቀበሌው ሰጠ። ያን ዕለት ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ በሩን የምትከፍት፣ የሚያለቅሰውን የምታባብል፣ አርባ ልጅ ሳትሰለች የምትይዝ ሰው ታስፈልጋለች። እሷም ትበላለች፣ ትለብሳለች።

መጀመሪያ ላይ ስምምነታችን በየወሩ በልጅ ትንሽ ትንሽ ብር ማዋጣት ነበር። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ትምህርት የሚጀመረው ግን መስከረም ነው። መስከረም ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል፤ የአምናው እህል ጎተራው ውስጥ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው፣ የማዳበሪያው ዕዳ አለ፣ የዘመን መለወጫና የመስቀል ወጪም አለ። መክፈል ያቃተው አባት ደግሞ ኮሚቴ ፊት ቆሞ "አጣሁ" አይልም። ያፍራል። ልጁን ዝም ብሎ ያስቀረዋል፣ ጥጃ እንዲጠብቅ ይልከዋል። ከሩቅ የሚያይ ሰው "እነዚህ ሰዎች ትምህርት አይገባቸውም" ይላል፤ ይህን ስሰማ በጣም ነው የሚያመኝ፣ ምክንያቱም እነዚያው ሰዎች ናቸው ጭቃውን ያቦኩት።

ነገሩ የተፈታው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ስብሰባችንን ሁልጊዜ በበዓል ቀን ነው የምናደርገው፣ በሬ ስለማይጠመድ ሰው ይገኛል። አንድ አባት ተነሱና "እህትዓለም፣ በየወሩ ብር እያላችሁ አታሳቅቁን፤ እህሉ ሲገባ ስጡ በሉን። ጥር ላይ የሚሰስት ሰው የለም" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ አውድማው ሲያልቅ፣ ጥር እና የካቲት ላይ፣ እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙ ጤፍ ወይ በቆሎ ይሰፍራል። ከፊሉ እዚያው ለመምህርቷ ይሰጣታል። ቀሪው ዕድር ቤት ይቀመጥና ክረምት ገብቶ ዋጋው ሲወደድ ይሸጣል፤ የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ደመወዟ ከዚያ ይወጣል።

እዚህ ላይ ለምትጀምሩ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቆሎውን ቶሎ ሽጡት፣ ነቀዝ ይጨርሰዋል። የሚቆየው ጤፉ ነው፤ ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም። ሂሳቡን ደግሞ በቃል አትያዙ። ማን ስንት ቁና እንደሰፈረ፣ በስንት እንደተሸጠ በደብተር ጻፉና በበዓል ቀን ሕዝቡ ፊት አንብቡት። ባሏ የሞተባት፣ መሬት የሌላት እናት ደግሞ እህል አትጠየቅም፤ ውሃ በጀሪካን ታመጣለች ወይም ቆሎ ትቆላለች፣ ስሟም እንደ ሌላው እኩል ይነበባል። ይህ ስሟ መነበቡ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ደመወዝ ደመወዝ እያልኩ የማወራው ለምን መሰላችሁ? የአራት ዓመት ልጅ ትምህርት የሚማረው ከሚያምነው ሰው ነው። እናቱን ለቆ መጥቶ አዲስ ሰው ለመልመድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ከለመደ በኋላ መምህርቷ ደመወዝ ቀርቶባት ከተማ ሥራ ፍለጋ ከሄደች፣ ልጁ እንደገና ከበሩ ላይ ማልቀስ ይጀምራል። የተማረውም ይቆማል። ስለዚህ ለእኔ የመምህርቷ መቆየት ከወንበሩም፣ ከሥዕሉም፣ ከግድግዳው ቀለምም ይበልጣል።

መንግሥትም ይህን ነገር አልረሳውም። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ በየአንደኛ ደረጃው ዜሮ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገቡበት ክፍል፣ ተከፈተ። በ2003 በአገር ደረጃ ቅድመ መደበኛ የገባው ልጅ 5 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2009 ከ40 በመቶ በላይ ደርሷል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ብዙ ቦታ ዜሮ ክፍል የሚሰጠው ለትንንሽ ልጅ ባልሠለጠነ መምህር ነው፣ ትምህርት ቤቱም ለአምስት ዓመት እግር ሩቅ ነው፣ መሐሉ ላይ ወንዝ አለ። የመንደር ክፍል ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ባለፉት ዓመታት ክልላችን አማራ ውስጥ በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋም ታውቃላችሁ፤ ልጅን ሩቅ መላክ ራሱ ያስፈራ ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ፣ እኔ በጣም የምወደው ይኸን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባሉ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ይወጣሉ። ወንበር የለም፣ ሰሌን ላይ ነው የሚቀመጡት። ልጆቹ ከጭቃ በሬ ይሠራሉ፣ ከአገዳ ሞፈርና ቀንበር ያበጃሉ። ያ ጣት ነው ነገ እርሳስ የሚይዘው። ባቄላና ሽምብራ ቀላቅላ መምህርቷ ታፈስላቸዋለች፤ ይለያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ "የማን ይበዛል?" ተባብለው ይጨቃጨቃሉ። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በአንድ እግር መቆምንም የቀናትን ተራም ይማራሉ። እንቆቅልሽ ደግሞ አለ፣ እሱ ለአፍ መፍቻ የሚሆን ትልቅ ሀብት ነው፤ ልጁ ጠያቂውን ማዳመጥ አለበት፣ ማሰብ አለበት፣ ካቃተው አገር ይሰጣል።

አባቶች ይህን ሲያዩ ቅር ይላቸዋል። "ልጄ ጭቃ ሊጫወት ነው ወይ የምልከው? ደብተሩ የታለ?" ይላሉ። አንድ ልጅ ሀ ሁ ሂ ብሎ በዜማ እስከ ፐ ሲወርድ ደስ ይላቸዋል። ያንኑ ልጅ መሐል ገብታችሁ "ይቺ ማናት?" ብላችሁ ሙን ብታሳዩት ግን ዝም ሊል ይችላል። ዜማውን ነው የያዘው፣ ፊደሉን ገና አልያዘም።

ይህን ለአባቶች ያስረዱልን የኔታ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሀሁን ካስጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥረው ለምን ይመስላችኋል? አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፤ ተራው ተቀያይሯል፣ ድምፁም በየፊደሉ ይለዋወጣል። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል፣ ፊደሉን በዓይኑ የለየ ያልፋል። እና የኔታ ስብሰባው ላይ ቆመው "ሕፃን አይቻኮልም፤ እኛም ስንደዶ ይዘን ነጥለን ነው የምንጠይቀው" ሲሉ አባቶቹ ሰሙ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቦታዎቹን ዋሸራንና ዲማን የሚያውቅ የጎጃም ሰው የኔታን ይሰማል። እኔ አንድ ወር ባስረዳ እንደዚያ አይሆንም ነበር።

ምግቡንም ልንካው። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር ደረጃ 38 ነበር። ጤፍ አምራች፣ በቆሎ አምራች በሆነው አገራችን ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል። የእኛ ክፍል ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቆሎ ወይ ንፍሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ብዙ አይደለም። ግን የገበያ ቀን እናት በሌሊት ወጥታ ልጅ ባዶ ሆዱን ሲመጣ፣ ያቺ እፍኝ ቆሎ ክፍሉ ውስጥ እንዲነቃ ታደርገዋለች።

ዘንድሮ ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ላይ ነን። ልጆቹ በዝተዋል፣ አንዳንዶቹ ሁለተኛ ክፍል እንሥራ ይላሉ፣ እንጨቱም ተቆርጧል። እኔ አልተስማማሁም። አርባ ልጅ ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሁለተኛዋ መምህርት እህል ለሙሉ ዓመት ይሰፈር፣ እስከዚያ ትንንሾቹ ጠዋት፣ ትልልቆቹ ከሰዓት ይግቡ ነው የምለው። የተቆረጠው እንጨት ይቆይ፣ አይበሰብስም። ጥር ላይ ስንሰበሰብ ይወሰናል።

እናንተ አካባቢ መምህርቷ የሚከፈላት በምንድን ነው? በብር ነው፣ በእህል ነው፣ ወይስ በጭራሽ አይከፈላትም? በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ደህና ሁኑ።