ፋይሉ እያለ «አልተገኘም» የሚል ቴስት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የደወሉልን አድማጮች አብዛኞቹ ቴስት አውቶሜሽን (ፕሮግራምን በኮድ መፈተን) ላይ የሚሠሩ ናቸው። ችግራቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ፋይሉ አለ፣ ቴስቱ ግን አያገኘውም።

ከባሕር ዳር፦ «በፓይተስት (የፓይተን መፈተኛ መሣሪያ) የጻፍኩት ቴስት ከፓይቻርም (ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ሳስነሳው ያልፋል፤ ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ሳስነሳው ግን ‹ፋይሉ አልተገኘም› ብሎ ይወድቃል። ፋይሉ እኮ ቦታው ላይ ነው፤ እያየሁት!»

ትክክል ነዎት፤ ፋይሉ አልጠፋም። የተለያየው መነሻው ነው። ኮድዎ ውስጥ ያለው አድራሻ «ዳታ ፎልደር ውስጥ ያለው ፋይል» ከማለት አያልፍም። የጎደለውን ፓይተን የሚሞላው ኮዱ ከተቀመጠበት ሳይሆን ትእዛዙ ከተሰጠበት ፎልደር ተነስቶ ነው። «ቀጥ ብለህ ሂድና ሁለተኛው ቅያስ ላይ ታጠፍ» የተባለ ሰው ከመገናኛ ሲነሳና ከፒያሳ ሲነሳ አንድ ቤት አይደርስም። ፓይቻርም ብዙውን ጊዜ ቴስቱ ካለበት ፎልደር ይነሳል፤ ተርሚናል ላይ ግን እርስዎ የቆሙት ምናልባት ፕሮጀክቱ አናት ላይ ነው።

ስለዚህ ፋይሉን ከመፈለግዎ በፊት ፕሮግራሙን «የት ነው ያለኸው?» ብለው ይጠይቁት። ፋይሉን ከሚከፍተው መስመር በላይ የሥራ ፎልደሩን የሚያሳይ ፕሪንት ያስገቡ፤ ከሥሩ ደግሞ ቴስቱ የሚፈልገውን ሙሉ አድራሻ ያሳዩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይገለጣል። መፍትሔው አድራሻውን ከኮድ ፋይሉ ራሱ ማስጀመር ነው፤ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ የገባው ፓዝሊብ የተባለ የፋይል አድራሻ ላይብረሪ ለዚህ ይበቃል። እባክዎ ከሲ ድራይቭና ከራስዎ የተጠቃሚ ስም የሚጀምር አድራሻ አይጻፉ። እርስዎ ዘንድ ይሠራል፤ ነገ ፕሮጀክቱን የሚረከበው ባልደረባዎ ኮምፒውተር ላይ ግን ያ ፎልደር የለም።

ከአዲስ አበባ፦ «ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ያልፋል። ጄንኪንስ (ቴስቶችን ሰርቨር ላይ በራሱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ሲሄድ ነው ፋይል የሚጠፋው።»

ላፕቶፕዎ ዊንዶውስ፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ መጀመሪያ ፊደሎቹን ይመልከቱ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ትልቁን ኤልና ትንሹን ኤል አንድ አድርጎ ያያል፤ ሊኑክስ ይለያቸዋል። ስሙን ዊንዶውስ ላይ ቢያስተካክሉት እንኳ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ለውጡን ላያየው ይችላል፤ በጊት ኤምቪ ትእዛዝ ይቀይሩት። ሁለተኛው ወደ ኋላ ያዘነበለው ስላሽ ነው፤ ሊኑክስ የፎልደሮች መለያ አድርጎ አይቀበለውም። ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ፓይተንና ጃቫ ከሱ ቀጥሎ ትንሹን ቲ ሲያገኙ ታብ ያደርጉታል፤ «ቴስት» የተባለው ፎልደር የመጀመሪያ ፊደሉን አጥቶ «ኢስት» ሆኖ ይቀራል። ወደ ፊት ያዘነበለውን ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ጊት ባዶ ፎልደር እንደማይዝም ያስታውሱ፤ ስለዚህ ስክሪንሾት የሚቀመጥበትን ፎልደር ቴስቱ ራሱ ይፍጠረው።

ከሀዋሳ፦ «የዳታ ፋይሎቼን በወራት ስም በአማርኛ ሰይሜያቸዋለሁ። የሐምሌው ብቻ አይከፈትም።»

ይህ እኔንም ግማሽ ቀን አስለፍቶኛል። ፋይሉ በሐመሩ ሐ «ሐምሌ» ተብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ኮዱ ውስጥ ደግሞ በሃሌታው ሀ «ሀምሌ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ስናነበው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱን ፊደል በቁጥሩ ስለሚያውቀው ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ ናቸው። «ላቲን ተጠቀም» የሚል ምክር ይሰጣል፤ እኔ አልስማማም፤ ፋይልን በአማርኛ መሰየም ነውር የለበትም። ይልቅ ስሞቹን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጻፏቸው፤ ቴስቶቹ ሁሉ ከዚያ ይውሰዱ። አሁን ለያዘዎት ችግር ደግሞ የፋይሉን ስም በእጅዎ አይጻፉት፤ ከፎልደሩ ኮፒ አድርገው ኮዱ ውስጥ ይለጥፉት።

ከአዳማ፦ «ሴሌኒየም (ብራውዘርን በኮድ የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) ከክሮም ጋር የሚያገናኘው የክሮም ድራይቨሩ አድራሻ ይቀመጥ ይለኛል። የት ላስቀምጠው?»

ቨርዥንዎ አሮጌ ነው። በ2022 ከወጣው ሴሌኒየም 4.6 ጀምሮ ሴሌኒየም ማኔጀር አብሮ ይመጣል፤ ድራይቨሩን ራሱ ይፈልጋል፣ ካጣም ያወርዳል። ያሻሽሉና አድራሻውን የሚያስቀምጠውን መስመር ይሰርዙት። ሰርቨርዎ ኢንተርኔት ከሌለው ግን ማውረድ አይችልም፤ ያኔ ከክሮሙ ቨርዥን ጋር የሚገጥመውን ድራይቨር አስቀድመው ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡለት።