ፊታችሁን አሳርፉት
(ለአዲስ ገቢ ሴት ተማሪዎች በማደሪያቸው አዳራሽ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከጥናታችሁ ሰዓት ቀንሳችሁ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ።

በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ “ፊቴን ምን ልቀባው?” የሚል ጥያቄ ደጋግሞ የመጣልኝ የለም። ቆዳቸው ቶሎ ለሚቆጣ ሰዎች የምሰጠው መልስ ግን ሁልጊዜ ከሌላው ጫፍ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የምትተዉትን እንነጋገር እላለሁ።

አንድ ቀን በእናንተ ዕድሜ ያለች ልጅ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። ስትገልጠው ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ከሥሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ከቦርሳዋ ስድስት ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ። የፊት ሳሙና፣ አሸዋ አሸዋ የሚል መፈተጊያ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ሎሽን፣ የሎሚ ጭማቂ በትንሽ ጠርሙስ፣ ጓደኛዋ ያካፈለቻት ዘይት፣ በመጨረሻም ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ቅባት። ወደ መጨረሻው እያመለከተች “ይህኛው መጀመሪያ ላይ ፊቴን አጥርቶልኝ ነበር” አለችኝ። ያን ጊዜ እንባዋ ጉንጯን ሲነካው ታቃስት ነበር። የገዛ እንባዋ ያቃጥላት ነበር።

ወደዚያ ቅባት እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ቆዳችን እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። የላይኛው ሽፋን በጭቃ እንደተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነው። ድንጋዮቹ የደረቁ ሕዋሳት ናቸው፤ ጭቃው በመካከላቸው ያለው ቅባት ነው። ጭቃው ሲታጠብ ከውስጥ እርጥበት ይወጣል፣ ከውጭ ሽቶው፣ አቧራውና ሳሙናው ይገባል። “ቆዳዬ ሁሉም ነገር አይስማማውም” የምትል ሴት ብዙውን ጊዜ የተሸረሸረ ግንብ ነው ያላት። ጤናማ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ከ7 በታች ያለው አሲዳማ በሚባልበት የፒኤች መለኪያ 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ስለዚህ ፊታችሁን ስትታጠቡ “ጥርት አለ” የሚያሰኛችሁ ያ የመወጠር ስሜት ንጽሕና አይደለም፤ የጭቃው መሄድ ነው።

በልብስ ሳሙና ፊቷን የምትታጠብ ካለች ከዛሬ ማታ ጀምሮ ትተው። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይበቃል። ማታ የቀኑን አቧራና የታክሲ ጭስ ለማውረድ ሽቶ የሌለው ለስላሳ መታጠቢያ ተጠቀሙ፤ ካላገኛችሁ ሽቶ የሌለውን የሕፃናት ሳሙና በጥቂቱ በእጃችሁ አረፋ አድርጋችሁ ቶሎ ታጠቡት። ውሃ በጀሪካን እንደምትቀዱ አውቃለሁ፤ ግማሽ ጆግ ይበቃል። ፎጣውን አትፈትጉበት፤ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ፊታችሁ ገና እርጥብ እያለ ቅባታችሁን ተቀቡ። ይህችን አደራ እላችኋለሁ፤ ከታጠባችሁ በሦስት ደቂቃ ውስጥ። ቅባት እርጥበትን ከየትም አያመጣም፣ ያለውን ነው የሚይዘው። በደረቀ ቆዳ ላይ ስትቀቡት የሚይዘው ነገር ያጣል።

የትኛውን ቅባት? ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን። እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ከተሰጠው ጀምሮ በርካታ ውድ ቅባቶች መጥተው ሄደዋል፤ እርጥበትን በመያዝ ግን ዛሬም እሱን የሚስተካከል እምብዛም የለም። ለደረቀ ጉንጭና ለከንፈር፣ ችፌ ላለበት ክርንም በስሱ ይበቃል። ፊቷ ወዝ የሚበዛበትና ብጉር የሚያስቸግራት ቀለል ያለ፣ ሽቶ የሌለው ሎሽን ትምረጥ። ግሊሰሪን የምትወዱም ብቻውን በደረቅ ፊት ላይ አትቀቡት፤ በእርጥብ ቆዳ ላይ ጥቂት፣ ከላዩ ስስ ቫዝሊን። ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው የሚያድሩ ደግሞ ግንባራቸውን በሻሽ ይጠብቁ። እናቶቻችን ያወረሱንን ቅቤ ለመንቀፍ አይደለም፤ በግንባር ላይ ሲወርድ ግን ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ብጉር ያወጣል።

ስለ ሎሚ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የእኛ ሎሚ ጭማቂው ኃይለኛ አሲድ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ በውስጡ ያለው ነገር ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል መሆኑ ነው። ሎሚ ተቀብታ ፀሐይ ላይ የወጣች ልጅ ፊቷ ውሃ ቋጥሮ፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተውላት ይችላል። እኛ ጠይም ሴቶች ከሌላው ይበልጥ ልንጠነቀቅ የሚገባን ለዚህ ነው፤ ቆዳችን በተቆጣ ቁጥር ጥቁር ምልክት ይተዋል። ምልክቱን ለማጥፋት ሌላ የሚያቃጥል ነገር እንቀባለን፣ እሱም ሌላ ምልክት ያመጣል።

ፀሐይስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም እንጂ ፊታችን እየተጠበሰ ነው። የፀሐይ መከላከያ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በየወሩ ግዙ ብዬ አላስጨንቃችሁም። ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ነጠላ፣ የሕንፃ ጥላ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት እነዚህን ተጠቀሙ። ገንዘብ ከተገኘና ማዲያት ካስቸገራችሁ ግን ለሌላው ሁሉ የምታወጡትን ወደዚህ አዙሩት፤ የመከላከያ መጠኑ (SPF የሚለው ቁጥር) ከ30 ያላነሰ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ በቆዳችሁ ቀለም የተቀለመ ይሁን። ነጩ ፊታችሁን አመድ ያስመስለዋል፤ ቀለም ያለው ማዲያትንም የተሻለ ይከላከላል።

አሁን ወደዚያ ስም የለሽ ቅባት ልመለስ። ፊትን በሁለት ሳምንት የሚያጠራ ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል አለ። ሁለቱም ለከባድ የቆዳ ሕመም ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዛቸው ኃይለኛ መድኃኒቶች ናቸው። መቅላቱን ያበርዳሉ፣ የቆዳውን ቀለም ያነጣሉ፤ ቀስ በቀስም ግንቡን ያሳሱታል። ስታቆሙት ፊታችሁ ይቆጣል፣ ስትመልሱት ይበርዳል፤ በዚህ መልክ ያስሩአችኋል። ከአንዳንድ ፊት አጥሪ ቅባቶች ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ተገኝቷል። ይህን የምትሸጥላችሁ ሴት ክፉ ላትሆን ትችላለች፤ ምን እንደያዘ ግን እሷም አታውቅም። ለወራት የተቀባችሁ ካላችሁ በድንገት ከመጣል በፊት የቆዳ ሐኪም እዩ። እዚህ ከተማ አለርት አለ፤ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቋቁሞ ዛሬ የሁላችንንም ቆዳ የሚያክም ሆስፒታል። ያችን ልጅ ወደ ሐኪም ላክኋት። የታዘዘላትም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ለብ ያለ ውሃና ቫዝሊን ነበር። ወራት ፈጅቶባታል፤ አሁን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ትመጣለች።

አዲስ ነገር መሞከር ከፈለጋችሁ በክንዳችሁ የውስጥ በኩል ከክርን በታች በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ተቀቡት። ካላሳከከና ካልቀላ ወደ ፊት ይሂድ፤ አንድ በአንድ እንጂ ሁለት አዲስ በአንድ ጊዜ አይሆንም፣ የትኛው እንዳስቆጣችሁ አታውቁምና።

ከዚህ በኋላ አልሄድም። ያ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ዘንድ እቀመጣለሁ። ወደ ክፍላችሁ ውጡና የምትቀቡትን ሁሉ፣ ያፈራችሁበትንም ጭምር፣ ይዛችሁ ውረዱ። በጀርባው ያለው ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አጉሊ መነጽር ይዤ መጥቻለሁ፤ አብረን እናነበዋለን።