ከቁና ወደ ሚዛን፦ ዳታ ቀያሪ አገልግሎት እንዴት ይነደፋል?

(ስክሪን፦ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ገበያ። ውርጩ ገና አልለቀቀም። አንዲት እናት ገብስ በቁና ይሰፍራሉ።)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ዳታን ከአንድ ፎርማት (የፋይል አጻጻፍ ዓይነት) ወደ ሌላ የሚቀይር አገልግሎት እንዴት እንደሚነደፍ እናያለን። ኮዱ ይቆየን። መጀመሪያ ቁናውን እዩልኝ።

ቁና እንደ አገሩ ይለያያል። የአንዱን አገር ቁና በሌላው አገር ቁና ልመንዝር የሚል ነጋዴ ራሱ ይዞርበታል። ስለዚህ ሁሉንም ሚዛን ላይ ያወጣዋል። አንዴ ኪሎው ከታወቀ ወደፈለገው መስፈሪያ መመለስ ቀላል ነው። ዲዛይናችንም ይኸው ነው።

(ስክሪን፦ የሰሜን ሸዋ ካርታ። ከየቦታው ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ቀስት።)

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ አለ እንበል። ከመሐል ሜዳ የበግ መዝገብ በኤክሴል ይመጣል። ከሸዋ ሮቢት የማሾ ምርት ከስልክ በጄሰን ይገባል። የምንጃር ጤፍ በኤክስኤምኤል። አዲስ አበባ ያለው ተቀባይ ደግሞ «በሲኤስቪ ላኩልኝ» ይላል። ኤክሴል፣ ጄሰን፣ ኤክስኤምኤል፣ ሲኤስቪ፦ አራት ፎርማት። እያንዳንዱን በቀጥታ ወደ እያንዳንዱ ለመቀየር 12 ቀያሪ መጻፍ አለባችሁ። ፎርማቱ 10 ሲደርስ 90 ይሆናል። መሃል ላይ አንድ የጋራ ቅርጽ ካስቀመጣችሁ ግን ለእያንዳንዱ ፎርማት አንድ ማስገቢያና አንድ ማውጫ ይበቃዋል። ለ10 ፎርማት 20 ብቻ።

የጋራው ቅርጽ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እዚህ ላይ መቸኮል በኋላ ያስለቅሳል። ቀንን እንውሰድ። መዝጋቢው 01/02/2016 ብሎ ጻፈ። ጥቅምት 1 ማለቱ ነው። ሲስተሙ ግን የፈረንጅ 2016 አድርጎ ይወስደዋል፣ ትንፍሽም አይል። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2023 ነበር። ወሩ 13 ቢሆን እንኳ ሲስተሙ ይጮህ ነበር፤ ጳጉሜን አያውቃትማ! እኔ የሚጮኸውን ስህተት አልፈራም። የምፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ነው። ስለዚህ ቀኑ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ አብሮ ይመዝገብ። ሰዓትም እንደዚያው፤ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለማሽኑ 9 ሰዓት ነው።

ስልክ ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ያዙት። ኤክሴል ቁጥር ከመሰለው የፊቱን ዜሮ ይበላዋል።

(ስክሪን፦ «ወልደ ጊዮርጊስ» የሚለው ስም፤ ከመጨረሻው ፊደል መጥፋት ይጀምራል።)

ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የዓለም ፊደላት መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የኛን ቅርጽ ይሥሉ ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ለእነሱ በየፎንቱ የመመንዘሪያ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ፤ ሌላው ሁሉ ዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ የሚጻፍበት ስልት) ይሁን። እዚያም ቢሆን አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር ቦታ መለኪያ) ይይዛል። ለስም 20 ባይት ብቻ የፈቀደ ሰው «ወልደ ጊዮርጊስ»ን «ወልደ ጊዮር» ላይ ይቆርጠዋል። የሰው ስም ነው እኮ!

አሁን ወደ ማከማቻው እንግባ። አንዱ ክፍል የመጣውን ፋይል እንደመጣ ያስቀምጥ። ማንም አይንካው። ሌላው ክፍል የተቀየረውን ይያዝ። ከስድስት ወር በኋላ ቀያሪው ላይ ስህተት ቢገኝ ከዋናው ተነስታችሁ እንደገና ትቀይራላችሁ። ዋናውን የደመሰሰ ሰው መመለሻ የለውም።

ትልቅ ፋይል ሲመጣ ላኪውን አታስጠብቁት። የወረፋ ቁጥር ስጡት፣ ሥራው ከጀርባ ይሂድ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ውጤቱ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፤ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ያግኝ። ያኔ ግማሽ ፋይል ሙሉ መስሎ ማንንም አያሳስትም። መብራት ሲመጣ ሥራው ከመጀመሪያው ቢደገም ደግሞ ያው ውጤት ይውጣ እንጂ በጉ ሁለቴ አይቆጠር።

ቆጠራ አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ኮቪድ የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተው ነበር። ምክንያቱ የድሮው የኤክሴል ፎርማት ነው፤ ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም። የተረፈው ወደቀ። የገባውን መስመር ከወጣው ጋር የሚያስተያይ ቀላል ቼክ ቢኖር በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር።

(ስክሪን፦ የማከማቻው ሦስተኛ ክፍል ይከፈታል።)

ማለፍ ያልቻለው መስመርም አይጣል። ለብቻው ይቀመጥና ለጻፈው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይመለስለት፦ «መስመር 214፦ ጳጉሜ 7 የሚባል ቀን የለም።» መሐል ሜዳ ያለው መዝጋቢ ደብተሩን ገልጦ ትክክለኛውን ቀን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።